«ፉል ፍሬም ከነሙሉ ዕቃው» ሲሏችሁ ቦርሳውን አስከፍቱ

ለጥር ሰርግ ለመድረስ ካሜራ ልትገዙ የተዘጋጃችሁ ፎቶ አንሺዎች፣ ከመክፈላችሁ በፊት ይህችን አንብቡልኝ። በቴሌግራምም በሱቅም የሚሸጥ አንድ ፓኬጅ አለ። «ፉል ፍሬም ካሜራ ከነሙሉ ዕቃው» ይሉታል። ፉል ፍሬም ማለት ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰሩ ትልቅ የሆነ ካሜራ ነው። ቦዲው፣ ማለትም ያለ ሌንስ ካሜራው ራሱ፣ ኦሪጅናል ነው፣ አዲስም ነው። ችግሩ ያለው አብሮት የሚመጣው ሌንስና ኮተት ላይ ነው።

አንድ የሰፈራችን ልጅ ከወንድሙ ጋር ብር አዋጥቶ ይህንኑ ፓኬጅ ገዛና «እስኪ እየው» ብሎ አመጣልኝ። ካሜራው ሶኒ አልፋ 7 ማርክ 3 ነው። ጥሩ ካሜራ ነው፣ ብዙ የሰርግ ባለሙያ እስከዛሬ እንጀራ ይበላበታል። ከቦርሳው ውስጥ ግን አንድ ሌንስ፣ ሌንሱ ፊት ላይ የሚጠመዘዙ ሁለት መስታወቶች፣ ፊልተሮች፣ ትንሽ ትራይፖድ፣ ትርፍ ባትሪና ባለ 128 ጊጋ ሜሞሪ ካርድ ወጣ። ሌንሱን አዙሬ ጽሑፉን ሳነብ ልቤ ደነገጠ። 16-50 ሚሊሜትር ዙም ሌንስ ነው። ከቁጥሩ ፊት ያለችው «ኢ» የምትል አንዲት የላቲን ፊደል ብቻ ናት።

ሶኒ ራሱ ለፉል ፍሬም የሠራው ሌንስ ላይ «ኤፍ» እና «ኢ» (FE) የሚሉ ሁለት ፊደላት አሉ። «ኢ» ብቻ ከሆነ ግን የተሠራው ትንሽ ሴንሰር ላላቸው፣ ክሮፕ ለምንላቸው ካሜራዎች ነው። ከካሜራው ጋር የሚገጥምበት አፉ አንድ ዓይነት ስለሆነ ፉል ፍሬሙ ላይ ቀጥ ብሎ ይገጥማል። ሻጩም «ይኸው ገጠመ» ይላል። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው።

የፉል ፍሬም ሴንሰር 36 በ24 ሚሊሜትር ነው። የዚያ ሌንስ ምስል የሚሸፍነው ግን 23.5 በ15.6 ገደማ የሆነውን መሀሉን ብቻ ነው። ካሜራው ይህን ስለሚያውቅ ዳሩን በራሱ ቆርጦ ይጥለዋል። ልጁ በዚያ ሌንስ ያነሳውን ፎቶ ኮምፒውተር ላይ ከፍተን መጠኑን አየነው፦ 3936 በ2624። ይኸው ካሜራ በትክክለኛ ሌንስ 6000 በ4000 ነው የሚሰጠው። 24 ሜጋፒክስል ብሎ የገዛው ዕቃ 10 ሜጋፒክስል ሆኖ ነው እየሠራ ያለው። ከሜኑው ውስጥ ክሮፑን ብታጠፉት ደግሞ ጥግ ጥጉ ይጠቁራል።

«ለፌስቡክ ይበቃል» የሚል ይኖራል። ለፌስቡክ አዎ ይበቃል። ለሰርግ አልበም ግን አይበቃም። አልበም ላይ ግራና ቀኙን ገጽ ሞልቶ የሚታተም፣ 60 ሳንቲሜትር የሚሆን ፎቶ አለ። በ3936 ፒክስል እሱን ስታሳትሙ ለአንድ ኢንች 167 ነጥብ ያህል ብቻ ይደርሳል። በ6000 ከሆነ 254 ገደማ ነው። ማተሚያ ቤቶች የሚፈልጉት ወደ 300 የተጠጋውን ነው። በዚያ ላይ ከትልቅ የቤተሰብ ፎቶ የአንዲትን አያት ፊት ለይታችሁ አሳድጉ ብትባሉ የምትቆርጡት ፒክስል የላችሁም።

ነገሩ ሶኒ ላይ ብቻ አይደለም። ካኖን ላይ «አርኤፍ-ኤስ» (RF-S) እና «ኢኤፍ-ኤስ» (EF-S)፣ ኒኮን ላይ ደግሞ «ዲኤክስ» (DX) የሚል ካያችሁ ያው የክሮፕ ሌንስ ነው። እነዚህን ፊደላት ስልካችሁ ላይ ጽፋችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

ሌላው ብርሃን ነው። «ኤፍ» የሚባለው ቁጥር ባነሰ ቁጥር ሌንሱ ሰፋ ብሎ ይከፈታል፣ ብዙ ብርሃን ያስገባል። የ16-50 ሌንስ 50 ላይ ሲደርስ ከኤፍ 5.6 ሰፋ ብሎ አይከፈትም። ተራ የሚባለው የ50 ሚሊሜትር ሌንስ ኤፍ 1.8 ድረስ ይከፈታል። ልዩነቱ ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ነው። ተክሊል ላይ ፍላሽ ማብረቅ በማይቻልበት ቦታ፣ ከጧፍና ከመስኮት ብርሃን ጋር ስትቆሙ ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ትረዱታላችሁ። አይሶውን፣ ማለትም ካሜራው ብርሃኑን የሚያጎላበትን ቁጥር፣ ሰማይ ታደርሱታላችሁ፣ ፎቶው ይሻክራል። ወይም ማንሻውን ታዘገዩታላችሁ፣ ሙሽራዋ ትደበዝዛለች። ሰው ፉል ፍሬም የሚገዛው በጨለማ እንዲሠራለት ነው። ይህን ሌንስ አስራችሁበት ያንን ጥቅም አጣችሁት ማለት ነው።

ኮተቱን ቶሎ ቶሎ ልለፈው። «ዋይድ 0.43» እና «ቴሌ 2.2» የሚል የተጻፈባቸው ተጠምዛዥ መስታወቶች የፎቶውን ዳር ዳር ያቀልጡታል፣ አትጠቀሙባቸው። ርካሹ ፊልተር ፊት ለፊት ጧፍ ወይም የአዳራሽ መብራት ሲኖር ሁለተኛ ጥላ ብርሃን ፎቶው ላይ ያስቀምጣል። ትራይፖዱ ለስልክ የሚሆን ነው፣ ይህን የሚያህል ካሜራ አይሸከምም።

ካርዱ ላይ ግን እቆያለሁ፣ ምክንያቱም የሰው ሰርግ የሚያጠፋው እሱ ነው። ፎርጅድ ካርድ «128» ተብሎ ይጻፍበታል፣ ካሜራውም ኮምፒውተሩም 128 ብለው ያነቡታል። ውስጡ ያለው ግን 16 ወይም 32 ጊጋ ሊሆን ይችላል። እውነተኛው ቦታ ሲሞላ ካርዱ «ሞላሁ» አይልም። መቀበሉን ይቀጥላል፣ አዲሱ ይጠፋል ወይም የቀድሞው ላይ ይጻፋል። ማታ ቤት ስትገቡ የሙሽራዋ ቤት ፎቶ አለ፣ የአዳራሹ አይከፈትም። ያንን ቀን መልሶ ማንሳት ደግሞ አይቻልም። የልጁን ካርድ በፋይል ሞልተን መልሰን ስናነበው ደህና ሆኖ የተገኘው ከሩብ ያነሰው ነው።

ማጣራቱ ቀላል ነው። ለዊንዶውስ ኤችቱቴስትደብሊው (h2testw)፣ ለማክና ለሊኑክስ ኤፍ3 (F3) የሚባሉ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ። ካርዱን እስከ አፉ ይሞሉትና መልሰው ያነቡታል። ፕሮግራም ከሌላችሁ ራሳችሁ በትልልቅ ቪዲዮ ሙሉትና ወደ ኮምፒውተር መልሳችሁ ክፈቷቸው። ጊዜ ይወስዳል፣ ግን አዲስ ካርድ ሁሉ ይህን ሳያልፍ ሥራ ላይ አይውጣ። ፍጥነቱን በተመለከተ «ቪ30» የሚለው ምልክት ይበቃችኋል። በሰከንድ ቢያንስ 30 ሜጋባይት ይጽፋል ማለት ነው፣ የዚህ ካሜራ ፎርኬ ቪዲዮ ደግሞ 12.5 ብቻ ነው የሚጠይቀው። ስለዚህ ውድ ካርድ ግዙ አልልም። እውነተኛ ካርድ ግዙ።

ባትሪ ላይ አንድ ነገር ልለይ። በራሱ ስም የሚሸጥ የሌላ ኩባንያ ባትሪ መጥፎ ነው አልልም፣ ደህና የሚሠሩ አሉ። ጠንቁ የካሜራውን ኩባንያ ስም አስመስሎ የለጠፈው ነው። ስሙን የዋሸ ሰው አቅሙንም ይዋሻል። ሲሞቅ ወይም ሲያብጥ ካያችሁት ካሜራው ውስጥ አታቆዩት፣ አብጦ ከተቀረቀረ ማውጣቱ ጣጣ ነው።

ግዢው ቦታ ላይ ስትሆኑ ሳጥኑን እዩ። የሶኒው ሳጥን ላይ ከሞዴሉ መጨረሻ «ኬ» የሚል የላቲን ፊደል ካለ፣ ከፋብሪካው 28-70 የፉል ፍሬም ሌንስ አብሮት መጥቷል። ከሌለ ቦዲ ብቻ ነው፣ ሌንሱን ሻጩ ራሱ ነው የጨመረው። ካሜራው ታች ያለው ሲሪያል ቁጥር ከሳጥኑና ከዋስትና ወረቀቱ ጋር አንድ መሆኑን አመሳክሩ። ደረሰኙ ላይ «የካሜራ ዕቃዎች» ተብሎ በጥቅሉ እንዳይጻፍ፣ ሌንሱ ከነሙሉ ስሙ፣ ባትሪውና ካርዱም ለየብቻ ይዘርዘር። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። የተዘረዘረ ደረሰኝ ከሌላችሁ ግን ሻጩ «ይህን እኔ አልሸጥኩም» ቢል ምን ይዛችሁ ትከራከራላችሁ?

ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በዘመድ የምታስመጡም አላችሁ። ዘመዳችሁ ካሜራ ላያውቅ ይችላል፣ ስለዚህ «ጥሩ ካሜራ አምጣልኝ» ብላችሁ አትላኩት። የቦዲውንና የሌንሱን ሙሉ ስም ጽፋችሁ ላኩ፣ «ፓኬጅ ካሉህ እምቢ በል» በሉት። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ በኩባንያው ወኪል በኩል ሳይሆን በጎን የገባ ዕቃ አለ። የአሜሪካው ኒኮን እንዲህ ያለውን ካሜራ በዋስትና አይጠግንም። ትርፍ ባትሪውን ካርጎ በሚገባው ሻንጣ ሳይሆን በእጁ ይያዘው፣ የአየር መንገዶች ደንብ ነው።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ብራችሁ ውስን ከሆነ ቦዲውን ለብቻ ግዙ። ከዚያ የ50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8፣ «ኤፍኢ» የሚለውን ጨምሩ። ካኖንና ኒኮንም የራሳቸው 50 ኤፍ 1.8 አላቸው። ለቤተሰብ ፎቶ ሰፋ ያለ ካስፈለገ ስላሽ (ያገለገለ) 28-70 ፈልጉ፣ ብዙ ሰው ሌላ ሲገዛ ስለሚለቀው በደህና ዋጋ ይገኛል። ቀጥሎ አንድ እውነተኛ ትርፍ ባትሪና ሁለት የተፈተሹ ካርዶች። የ85 ሚሊሜትር ሌንስና ፍላሽ ከመጀመሪያዎቹ ሰርጎች ገቢ ይምጡ።

ፓኬጁን አስቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነና ሱቁ አልመልስም ካለ፣ ካርዱን ዛሬውኑ ፈትሹ። 16-50ውን ደግሞ አትጣሉት። ሶኒ 6000፣ 6300 ወይም 6400 የያዘ ሰው ፈልጋችሁ ሽጡለት፣ ለእሱ ካሜራ ትክክለኛው ሌንስ ነው፣ ሙሉ ሴንሰሩን ይሸፍንለታል። ስትሸጡ የክሮፕ ሌንስ መሆኑን ንገሩት። የሰፈራችን ልጅም እንዲሁ አድርጎ ሸጠው፣ አሁን ለ50ው እየሞላ ነው።