የማታ እንግዳ ጥሪ፦ «በሠርጋችን» ወይስ «ለእራት»?

ብዙ ካርድ ላይ «ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ በሠርጋችን ላይ እንዲገኙልን» ይላል። ያምራል፤ ግን እራት አለ ወይስ የለም? አክስቴ እንዲህ ያለ ካርድ ደርሷት እቤቷ ሽሮዋን በልታ ሄደች። ዶሮ ወጡ ሲቀርብ ሁለት ጉርሻ እንኳን አልወረደላትም። «ጀምሮ» የምትለዋም ቃል ሰውን ታዘናጋለች፤ 3 ሰዓት ላይ የሚመጣ አይጠፋም።

«ለእራት ግብዣችን ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ በአዳራሹ እንዲገኙልን» ቢባልስ? ትንሽ ደረቅ ያለ ነው። እኔ ግን ይሄንን እመርጣለሁ። እንግዳው ለምን እንደተጠራ፣ የትና መቼ እንደሚደርስ ያውቃል፤ እቤቱ ጠግቦም አይመጣም።

አሜሪካ ለሚታደል ካርድ ደግሞ «በአገሩ አቆጣጠር ከምሽቱ 7 ሰዓት» ብላችሁ ጨምሩበት። እዚያ ያደጉ ልጆች 1 ሰዓትን ከቀትር በኋላ አድርገው ያነቡታል።