የጎረቤት ላም ወተት ወይስ የላስቲክ ወተት?

ሱሉልታ ለምንኖር እናቶች ይህ የየዕለት ጥያቄ ነው። ላም ያላቸው ጎረቤቶች አሉን፤ የላስቲኩም ሱቅ አለ።

አደጋ። እዚህ ላይ ጠንከር ልበል። «ተፈጥሯዊ ነው» ብሎ ጥሬ ወተት ለልጅ መስጠት አይገባም። ላሟ ጤነኛ ብትመስልም የሳንባ ነቀርሳና ብሩሴሎሲስ የሚባለው የከብት በሽታ ሊተላለፉ ይችላሉ። ፋብሪካ የላስቲኩን ወተት በ72 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ ያህል አሙቆ ያቀዘቅዘዋል፤ በሽታ አምጪ ጀርሞችም ይሞታሉ። የጎረቤቱን ማፍላት ግን የኛ ሥራ ነው፤ እያማሰሉ፣ እስኪንተከተክ። በእግዚአብሔር መታመንና ወተት ማፍላት አይጋጩም። ልጆቹን በአደራ የሰጠን እሱ ነው።

ጥቅም። የጎረቤቱ ጠዋት ታልቦ ጠዋት ይደርሳል። ልጆቼን ቤት ስለማስተምር ለኔ ትምህርትም ነው። አፍልተን፣ አቀዝቅዘን፣ እርጎ ጠብ አድርገን እናረጋዋለን። እነሱ ይለካሉ፣ ይጠብቃሉ፣ ለምን እንደረጋ ይጠይቃሉ። የላስቲኩ ለሻይና ለአጥሚት ይበቃል።

ዋጋ። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት የወተት ፈላጊ ይቀንሳል፤ ትንንሽ ልጆች ያሉት ሰው ያኔ ከጎረቤቱ ጋር በዋጋ ቢነጋገር ያዋጣዋል።

ምቾት። የላስቲኩ ፍሪጅ ይፈልጋል። መብራት ሲጠፋ ቶሎ ይበላሻል።

ቤት የምትውል፣ የላሟን ጋጥና የአላቢውን እጅ የምታውቅ እናት የጎረቤቱን ትውሰድ። ሥራ ውላ ማታ ለምትገባ፣ ወይም ወተቱ ከየት እንደመጣ ለማታውቅ የላስቲኩ ይሻላል። ቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር ካለች፣ ሳይፈላ የሚጠጣ ጥሬ ወተት ጭራሽ አይግባ።