ለማርባት የትኛው ይሻላል፦ የትርኢት ዘር ወይስ የሥራ ዘር ጀርመን ሸፐርድ?

ባሕር ዳር ላይ ውሻ ማርባት የጀመረ ሁሉ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው። ሁለቱም ግንዳቸው አንድ ነው፤ ማክስ ፎን ስቴፋኒትስ በፈረንጆች 1899 የመሠረተው ዝርያ። ያራራቃቸው ዳኝነቱ ነው።

መመዘኛ
የትርኢት፦ ዳኛው ውሻውን ከዝርያው መስፈርት ጋር ያስተያያል። ወንዱ ቁመቱ ከ60 እስከ 65 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ከ30 እስከ 40 ኪሎ፤ ጥርሱ 42፤ ከዚያ አረማመዱ።
የሥራ፦ በፈተና ነው። ዱካ መከተል፣ መታዘዝ፣ መከላከል፤ እያንዳንዱ 100 ነጥብ።

ስጋት
የትርኢት፦ ቁመት በሜትር ይለካል፤ "ያማረ አረማመድ" ግን እንደ ዳኛው ዓይን ነው። ዳኞች ወደ ኋላ ያዘቀዘቀ ጀርባ ሲወዱ አርቢውም እሱኑ ያበዛል። እኔ መጀመሪያ የማየው የኋላ እግሩን ነው። ሲራመድ ቁርጭምጭሚቶቹ ወደ ውስጥ ገብተው የሚነካኩ ከሆነ፣ አባቱ ስንት ዋንጫ ቢወስድ አልገዛውም። (የዳሌ ራጅ ለሁለቱም ግድ ነው፤ የዳሌ ችግር በዓይን ብቻ አይታወቅም።)
የሥራ፦ ሥራ ካጣ ግቢ ይቆፍራል፣ በር ያኝካል፣ እንግዳ ያስበረግጋል።

ወጪ
ምግቡም የእብድ ውሻ ክትባቱም ያው ነው። የሥራው ዘር ግን ጊዜ ይበላል።

ለማን?
ዳንግላ ወይም ደብረ ማርቆስ አካባቢ ሰፊ ግቢና ከብት ላለው፣ ሌሊት ጅብ ለሚያስቸግረው፣ በየቀኑ ለማሠልጠንም ለማይሰንፍ የሥራው ዘር ይሆነዋል። ከተማ ውስጥ ልጆች ላሉበት ቤት ቡችላ ለሚሸጥ አርቢ፣ ጀርባው ቀጥ ያለና ጠባዩ ረጋ ያለ የትርኢት ዘር ይመቻል።