ቢጫ ካርድ፣ ኢቪዛ እና የደሴ መስኮቶች

ዘንድሮ ባለቤቴንና ልጄን ይዤ ደሴ ከርሜ መጣሁ። ከመሄዴ በፊት ያልሰማሁት ማስፈራሪያ የለም። «ቦሌ ላይ ያንገላቱሻል»፣ «ሻንጣሽን በርብረው ይጨርሱታል»፣ «ያለ ዘመድ አንድ ነገር አያልቅም»። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። ድንበር ላይ ያለው ሕግ ግልጽ ነው፤ ሥራውም ቶሎ ያልቃል። የሚያደክመው ከድንበሩ ወዲህ ያለው መስኮት ነው። ሆቴሉ፣ ባንኩ፣ ኬላው። አንዱን ወረቀት ሁሉም በየፊናው ያነበዋል። የተጠቀምኩባቸውን አገልግሎቶች እንዳገኘኋቸው ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ወረቀት። እኛ ቤት ሁለት ዓይነት ሰው አለ። እኔ ደሴ ተወልጄ የስዊድን ዜግነት የወሰድኩ ነኝ፤ ባለቤቴ ደግሞ ስዊድናዊ ነው። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት አትፈቅድም። በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጠራል። ነገሩ ግን እዚያ ላይ አያበቃም። ትውልደ ኢትዮጵያ ለሆኑ የውጭ ዜጎች የወጣ አዋጅ ቁጥር 270/1994 አለ። ሁላችንም «ቢጫ ካርድ» የምንለው መታወቂያ የመጣው ከዚህ አዋጅ ነው። ካርዱ ያለው ሰው ለመግባት ቪዛ አይጠየቅም፤ ለመኖርም ለመሥራትም ፈቃድ አያስፈልገውም። አይመርጥም፣ አይመረጥም፤ በመከላከያ፣ በደህንነትና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶችም አይቀጠርም። የቀረው ክፍት ነው። ወላጅ፣ አያት ወይም ቅድመ አያት ኢትዮጵያዊ የነበረለት ሁሉ ማመልከት ይችላል። ስለዚህ ልጄም ስቶክሆልም ተወልዳ ካርዱን አገኘች።

ካርዱን ያወጣነው በኤምባሲ ነው። የድሮ ኢትዮጵያ ፓስፖርት ካላችሁ፣ ጊዜው ያለፈበት ቢሆንም፣ አትጣሉት። ትውልዳችሁን የሚያስረዳው እሱ ነው። እኔ የድሮውን ከእናቴ ሳጥን ነው ያስቆፈርኩት። ካርዱም የሚያበቃበት ቀን እንዳለው አትርሱ፤ ጊዜው ካለፈ ተራ የውጭ ዜጋ ናችሁ።

ለባለቤቴ ኢቪዛ አወጣን። ፓስፖርቱ ቢያንስ ስድስት ወር የቀረው መሆን አለበት። የፓስፖርቱን ገጽና ጉርድ ፎቶ ትጭናላችሁ፣ በካርድ ትከፍላላችሁ፣ መልሱ በኢሜይል ይመጣል። እሱ የወሰደው የ30 ቀን፣ የአንድ ጊዜ መግቢያ ነው። የ90 ቀንም አለ። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ትክክለኛው ድረ ገጽ ኢቪዛ ዶት ጎቭ ዶት ኢቲ ብቻ ነው። የመንግሥት የሚመስሉ ብዙ ገጾች አሉ፤ አንዲት ጓደኛዬ ጎግል ላይ መጀመሪያ በመጣላት ገብታ እጥፍ ከፍላለች። ሁለተኛ፣ ቀኑ የሚቆጠረው እገባለሁ ብላችሁ ከሞላችሁት ቀን ጀምሮ ነው። በረራ ቢዘገይ ቪዛው አይጠብቃችሁም። የተፈቀደለትን ቀን ያሳለፈ ሰው ሲወጣ በዶላር ይቀጣል። ስለዚህ ሠርግ ወይም ተዝካር ያለበት ሰው የ30 ቀኑን ባይመርጥ ይሻለዋል። ወሎ ውስጥ ሠርግ በአንድ ቅዳሜ የሚያልቅ የሚመስለው ካለ ዘመድ የለውም ማለት ነው።

ለቢጫ ወባ እኛን የጠየቀን የለም። በሽታው ካለባቸው አገሮች የሚመጣ ሰው ግን የክትባት ደብተሩን መያዝ አለበት።

ቦሌ ላይ የማወራው ብዙ ነገር የለም። የእኔንና የልጄን ካርድ ከፓስፖርቱ ጋር አዩ፣ ማህተም መቱ። የባለቤቴን የታተመ ኢቪዛ አዩ፣ አሻራ ወሰዱ። አለቀ። ጉምሩክ ላይ የለበሳችሁት ልብስና የምትሠሩበት ላፕቶፕ ጣጣ የለውም። ካርቶኑ ያልተከፈተ አምስት ስልክ ግን ንግድ ነው፤ «ለዘመድ ነው» ማለት አያዋጣም። ድሮንና ባይኖኩላር ያለ ቅድሚያ ፈቃድ እንዳትይዙ። አጎቴ ጦሳ ላይ ወጥቶ ዝንጀሮ የሚያይበት ባይኖኩላር ላኪልኝ ሲለኝ ነበር። በባዶ ዓይኑ ይይ።

ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት አይሞላም። በመኪና 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ቀኑን ይበላል። ዓለም አቀፍ ትኬታችሁን በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከቆረጣችሁ የአገር ውስጡ ዋጋ ይቀንስላችኋል፤ ስትቆርጡ ጠይቁ። የኮምቦልቻ አየር ማረፊያ ትንሽ ናት። ሻንጣው ቶሎ ይመጣል፣ ውጭ ኮንትራት ታክሲ ይጠብቃል። ዋጋውን ሳትገቡ ጨርሱ። ከዚያ ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት መውጣት ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ግድም ናት፣ ደሴ 2,500 አካባቢ። ጃኬታችሁን ሻንጣ ውስጥ አትቅበሩ። ልጄ ከላይ ሆና ቁልቁል ስታይ አዞራት፤ ሹፌሩም ሳይጠየቅ ዳር ይዞ ቆመላት። ለሱ አምስት ኮከብ።

መንገድ ላይ ፍተሻ አለ። አንድ ወጣት ፖሊስ ቢጫ ካርዴን ገልብጦ ገለባብጦ «ይሄ የምን መታወቂያ ነው?» አለኝ። ነገርኩት። «ታዲያ አበሻ ነሽ ወይስ ፈረንጅ?» አለ። ሹፌሩ ቀድሞ የደሴውን ሰፈር ጠርቶ «የሸዋ በር ልጅ ናት!» አለው። አለፍን። የባለቤቴን ፓስፖርት ግን ደህና አድርጎ አየው። ፓስፖርትና የቪዛውን ህትመት ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን እጃችሁ ላይ ያዙ።

ሆቴሉን ስሙን አልጠራም። ክፍሉ ንጹሕ ነው፣ ሙቅ ውሃው እውነትም ሙቅ ነው። ሒሳቡ ላይ ግን «ለውጭ ዜጋ በዶላር ነው» አሉ። ቢጫ ካርዴን አወጣሁ። አዋጁ በኢኮኖሚ፣ በማኅበራዊና በአስተዳደር አገልግሎት ላይ ለውጭ ዜጋ የተቀመጠው ገደብ የካርዱን ባለቤት አይነካውም ይላል። እንግዳ ተቀባይዋ ሰምታው አታውቅም። ሥራ አስኪያጁ መጣ፣ አዳመጠኝ፣ ካልኩሌተር አወጣ። «አብሽሪ፣ እናስተካክለዋለን» አለ። ያስተካከለው እንዲህ ነው፤ የአልጋውን ግማሽ በአበሻ ዋጋ፣ ግማሹን በፈረንጅ ዋጋ አሰላው። የልጄን ምን እንደሚያደርጋት ግራ ገብቶት ትንሽ አሰበና «እሷ ትንሽ ናት» ብሎ ተዋት። ሳቄ መጥቶ መከራከሩን ተውኩት። ክርክሩ ያዋጣል፤ ካርዱን ግን አልጋ ስትይዙ አሳዩ፣ ሒሳብ ስትከፍሉ አይደለም።

አሁን ወደ ባንኩ። ይህ ቀናችንን በላው። ሳልወጣ በፊት የከፈትኩት የቁጠባ ደብተር ነበረኝ፤ ለረጅም ጊዜ ስላልተንቀሳቀሰ ተዘግቶብኛል። ደብተሩ ላይ የኔ፣ የአባቴና የአያቴ ስም አለ። ስዊድን ፓስፖርቴ ላይ የባለቤቴ የቤተሰብ ስም አለ። ቢጫ ካርዱ የተሠራው በፓስፖርቱ ስም ነው። የመስኮቷ ልጅ ሦስቱን አስተያይታ «እህቴ፣ እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው» አለችኝ። የትውልድ ዘመኔም አለ፤ ድሮ የሞላሁት ቅጽ ላይ 1974፣ ፓስፖርቱ ላይ 1982። «የትኛው ነው ልክ?» ሁለቱም ልክ ነው፤ አንዱ በኛ አቆጣጠር ነው፣ ሌላው በነሱ። ጥር ላይ ተወልጄ። ይህንን ራሷ ታውቃለች፤ ሲስተሙ ግን አያውቅም።

«ፋይዳ አለሽ?» አለችኝ፤ ብሔራዊ መታወቂያውን ማለቷ ነው። የለኝም። «ከቀበሌ ደብዳቤ አምጪ።» ቀበሌ ሄድኩ፤ እዚያ የሚያውቀኝ ሰው የለም። ተመለስኩ። የፈታችው አንዲት ሱፐርቫይዘር ናት። የድሮ ፓስፖርቴን ኮፒና በኤምባሲ የተረጋገጠ የጋብቻ ምስክር ወረቀቴን ጎን ለጎን አድርጋ አየች። የድሮው ስም እዚያ አለ፣ አዲሱም እዚያ አለ። ፈረመች፣ ሒሳቡ ተከፈተ። የመስኮቷን ልጅ አልቀየማትም፤ የጠየቀችው የሚጠየቀውን ነው። ግን ስማችሁን በጋብቻ ወይም በዜግነት የቀየራችሁ ሁሉ የጋብቻውን ወይም የስም ለውጡን ወረቀት ኤምባሲ አስመታችሁ ኑ። አገር ቤት ሆናችሁ ማስመጣት ጣጣ ነው።

ገንዘብ መመንዘር ግን ቀላል ሆኗል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ የምንዛሪውን ዋጋ ባንኮቹ ራሳቸው ስለሚያወጡ ደሴ ፒያሳ ላይ ከባንክ ባንክ ትንሽ ይለያያል። ዞር ዞር ብላችሁ ጠይቁ፣ ደረሰኙን ያዙ። ሲም ካርድም በፓስፖርት ወዲያው ይወጣል፤ ቴሌብሩን አስጭኑ፣ ባጃጁም ሱቁም ይቀበለዋል።

የአክስቴን ልጅ ይዤ ደሴ ወዳለው የኢሚግሬሽን ቅርንጫፍም ሄጄ ነበር። ሰልፉ ላይ የሚበዙት ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱ ልጆች ናቸው። ውጭ ፎቶ ኮፒ የሚያነሱና ቅጽ የሚሞሉ ወጣቶች ጥላ ዘርግተው ተቀምጠዋል። አንዷ ልጅ የእንግሊዝኛ ስሟን አጻጻፍ በደብተር ወረቀት ላይ ደጋግማ ስትለማመድ አየሁ። እኔ በአንድ ካርድ የማልፈውን በር እሷ እንዴት እንደምታልፈው እያሰብኩ ቆየሁ።

መውጫው ላይ የሚያሳስበው የኢትዮጵያ ሳይሆን የአውሮፓ ሕግ ነው። የደሴ ዘመድ ባዶ እጅ አይሸኝም። የአውሮፓ ኅብረት ከኢትዮጵያ ሥጋና የወተት ውጤት አያስገባም፤ ስለዚህ ቂቤውም ቋንጣውም ቀረ። እናቴ ቂቤው ሲመለስ አኩርፋ ነበር። በርበሬና ሽሮ ችግር የለውም። ጫት ስዊድን ውስጥ የተከለከለ ነው፤ አንድ ዘመዴ «ትንሽ ብቻ» ቢለኝም አልሰማሁትም። የብራና መጽሐፍ፣ አሮጌ መስቀል ወይም ሌላ ጥንታዊ የሚመስል ዕቃ ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ከአገር አይወጣም፤ ገበያ ላይ የገዛችሁት ቢሆንም። ማር ደግሞ ለአንድ ሰው እስከ ሁለት ኪሎ ይገባል። ሦስት ሰዎች ነን፤ በየሻንጣችን ሁለት ሁለት ኪሎ ከፋፍለን ይዘነው ገባን።