ለመም የሚወጣ ፖርሽ ኬይማን የትኛው የኋላ ፍሬን ሸራ ይበጀዋል?

ሰሚት ፖይንት የተባለው የመኪና መም ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ነው፤ ከዋሽንግተን አካባቢ ለሚነሳ ሰው ከአንድ ሰዓት ትንሽ የሚበልጥ መንገድ። እዚያ ሁለት ቀን ነድቼ የ718 ኬይማን ኤስ መኪናዬን ጎማዎች ስፈታ ያየሁትን ማመን አቃተኝ። የፊቱ ሸራ ገና 7 ሚሊ ሜትር ውፍረት ነበረው። የኋላው 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ቀርቶት፣ ጠርዙ ፀሐይ እንደመታው ጭቃ ተሰነጣጥቋል። መኪና የሚቆመው በፊት እግሩ ነው፣ የኋላ ሸራ ደግሞ ዕድሜ ልክ ያገለግላል እየተባልን ላደግን ሰዎች ይህ ግራ ያጋባል።

ነገሩ የሸራው ጥራት ጉድለት ብቻ አይደለም። ፖርሽ ቶርክ ቬክተሪንግ የተባለው ሥርዓት የተገጠመለት ኬይማን በፍጥነት ወደ ኩርባ ሲገባ፣ ነጂው ፔዳሉን ባይነካ እንኳ፣ ኮምፒውተሩ በውስጥ በኩል ያለውን የኋላ ጎማ በፍሬን ያዝ ያደርገዋል፤ የመኪናው አፍንጫ ቶሎ እንዲዞር። ከኩርባ ሲወጣም አንዱ የኋላ ጎማ በከንቱ መሽከርከር ከጀመረ በዚያው ፍሬን ያስታግሰዋል። 10 ኩርባ ባለው መም ላይ ይህ ቀኑን ሙሉ ሲደጋገም አስቡት። የኋላ ሸራ የነጂውንም የኮምፒውተሩንም ሥራ ይሸከማል፤ የሚሠራበት ዲስክ ደግሞ 299 ሚሊ ሜትር ነው፣ የፊቱ 330 ሆኖ ሳለ። ስለዚህ ለዚህ መኪና የኋላ ሸራ ሲመረጥ መጠየቅ ያለበት ሙቀትን ስንት ሰዓት ይችላል የሚለው ነው።

ከፋብሪካው ጋር የሚመጣውን ቶሎ ልለፈው። ለመንገድ ሸጋ ነው፤ በጠዋት ብርድ ከመጀመሪያው ርግጫ ይይዛል፣ አይጮህም። መም ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወጣና ገና መስመሩን የሚማር ሰው ሊነዳበት ይችላል። ፍጥነት ሲጨምር ግን ያ የተሰነጣጠቀ ጠርዝ ይመጣል። በሚያምር ሣጥን ታሽገው «ስፖርት» የሚል የተጻፈባቸው የመንገድ ሸራዎችም ለዚህ ሥራ ከእጅ አይሻል ዶማ ናቸው።

እውነተኛው ምርጫ የሚጀምረው ከፌሮዶ ዲኤስ 2500 ነው። የሰበቃ መጠኑ፣ ማለትም ዲስኩን አጥብቆ የመያዝ አቅሙ፣ 0.42 አካባቢ ነው፤ ቀዝቃዛ ሆኖም ይይዛል፣ በአንድ ሸራ ወደ ሥራም ወደ መምም መሄድ ያስችላል። በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ብቻ ለሚነዳ ሰው ከዚህ የበለጠ ገንዘብ ማውጣት አይታየኝም። ችግሩ በኋላ እግር ላይ፣ በተለይ በሐምሌ ሙቀት፣ በፍጥነት ማለቁ ነው።

ፓጊድ አርኤስኤል 29 ለረጅም ሰዓት ውድድር የተሠራ ውህድ ነው፤ ቢጫ ቀለሙን ያየ አይረሳውም። በእኔ መኪና ላይ ልዩነቱ ያስደነቀኝ በጥንካሬው ብቻ አልነበረም። ከቀኑ የመጨረሻ ዙር ላይ፣ ከረጅሙ ቀጥታ መንገድ ወደ አንደኛው ኩርባ ስደርስ፣ ፔዳሉ ጠዋት በነበረበት ቦታ እግሬን ተቀበለው። ሸራውም እኩል ይሳሳል፣ አይፈረፈርም። የሚያስከፍለው ሌላ ነው፦ ዋጋው ኪስ ይጎዳል፣ በዝግታ ሲነዳ ደግሞ ይጮኻል። ዋሽንግተን አጠገብ ባለችው አሌክሳንድሪያ ውስጥ መብራት ላይ ስቆም እግረኛው ዞሮ ያየኛል። እኔ ችዬዋለሁ፤ ባለቤቴ ግን በዚያ መኪና ገበያ መሄድ ትታለች።

ፌሮዶ ዲኤስ 1.11 የዚህ ዋና ተፎካካሪ ነው። እሱም ለረጅም ሰዓት ውድድር የተሠራ ሲሆን የሰበቃ መጠኑ 0.46 አካባቢ ነው፤ ዲስኩ ቢግልም አያያዙ ብዙ አይለዋወጥም። እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የሚሳሳተው ስሕተት አለ። «የሚያልቀው የኋላው ስለሆነ የኋላውን ብቻ ላጠንክር» ብሎ ከኋላ 1.11፣ ከፊት 2500 የሚያስገባ ሰው የመኪናውን ሚዛን ያናጋል። ሞተሩ መሀል ላይ የተቀመጠ መኪና ፍሬን ተይዞ ወደ ኩርባ ሲገባ የኋላ ጎማው ቀድሞ ከተያዘ ጭራው ይሸሻል። የኋላው ሸራ ከፊቱ ጋር እኩል ወይም በትንሹ ያነሰ አያያዝ ይኑረው። አራቱንም እግር ከአንድ ዓይነት ማድረግ ከሁሉ ይቀላል።

ለአጭር ውድድር የተሠሩትን እጅግ ጠንካራ ሸራዎች ለኋላ እግር አልመክርም። የሚፈልጉትን ሙቀት ሳያገኙ ሲቀሩ ዲስኩን እንደ ሞረድ ይበሉታል፤ በሸራ ያተረፉት ገንዘብ በዲስክ ይሄዳል። ፓጊድ የምትገዙ ደግሞ ኮዱን አንብቡ፦ አርኤስሲ ብለው የሚጀምሩት ለሴራሚክ ዲስክ ነው። ለብረት ዲስክ መኪናዬ እነዚያን ሊያስይዘኝ የሞከረ ሻጭ አጋጥሞኛል።

የእኔ ምርጫ ግልጽ ነው። በዓመት ከአራት ቀን በላይ መም ላይ የምትውሉ ከሆነ አርኤስኤል 29 በአራቱም እግር። ጠንከር ያለ የመጀመሪያ አያያዝ የሚወድ ሰው 1.11 ቢያደርግ አልከራከረውም። የትኛውንም ብትገዙ ከዲስኩ ጋር በደንብ ሮዳጅ አድርጉት፤ የቀድሞው ሸራ ዲስኩ ላይ የተወውን ንብርም አጽዱ።

የፍሬን ዘይቱንም አትርሱ። ተራ ዶት 4 ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ እንዲችል ነው ደረጃው የሚያስገድደው፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን ወደ 155 ይወርዳል። ሞቱል አርቢኤፍ 600 የተባለው ዘይት አዲስ ሳለ 312 ይደርሳል። ይህ ከሸራው ጋር የሚገናኘው እንዲህ ነው፦ ሸራው በሳሳ ቁጥር ሙቀቱን የሚከልለው ነገር ይቀንስና በፒስተኑ በኩል ወደ ዘይቱ ያልፋል። ለዚህ ነው ለመም መኪና የኋላ ሸራ ግማሹ ሲያልቅ የምቀይረው። ብዙዎቹ የውድድር ሸራዎች የማለቂያ ማስጠንቀቂያ ገመዱ የሚገባበት ቦታ ስለሌላቸው ዳሽቦርዱ ላይ የሚበራ መብራት አትጠብቁ። ከእያንዳንዱ ቀን በኋላ ጎማውን ፍቱና በውስጥ በኩል ያለውን ሸራ ለኩ፤ ከውጭ በቸርኬው ቀዳዳ የሚታየው የውጩ ብቻ ነው።