ባሎትፔዲያ ሲገመገም፦ የቀድሞ የስቴት ሕግ አውጪን ለመመርመር ምን ያህል ይበቃል?

አሜሪካ ውስጥ አንድ ሰው «የቀድሞ የስቴት ሴናተር ነኝ» ብሎ ለሌላ ወንበር ሲወዳደር ብዙ መራጭ መጀመሪያ የሚከፍተው ባሎትፔዲያን ነው። በ2007 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) የተጀመረ፣ ለትርፍ ያልቆመ ድረ ገጽ ነው። ክፍያም ምዝገባም አይጠይቅም። ድሮ ማንም ገብቶ ይጽፍበት ነበር፤ አሁን ጽሑፉን የሚያዘጋጁት የድርጅቱ ሠራተኞች ናቸው።

ስም ሲፈልጉ ሞክሼ እንዳያሳስትዎ የስቴቱን ስም አብረው ይጻፉ። ገጹ ላይ በጎን ያለው ሣጥን የሥልጣን ዘመኑን ያሳያል፤ ዋናው ነገር ግን ወረድ ብሎ ያለው የምርጫ ሰንጠረዥ ነው። ያሸነፈው ምልክት ተደርጎበታል፤ ወንበሩን ይዞ የተወዳደረው ስሙ ደመቅ ብሎ ተሰምሮበታል። ከሰንጠረዡ ሥር ውጤቱ መጽደቁን የሚናገር መስመር ከሌለ ቁጥሩ ገና ሊለወጥ ይችላል። ቅድመ ምርጫው (ፓርቲው እጩውን የሚመርጥበት) እና ጠቅላላ ምርጫው ለየብቻ ስለተቀመጡ ሁለቱንም ይመልከቱ፤ አንድ ፓርቲ በገነነበት ወረዳ እውነተኛው ፉክክር የሚያልቀው በቅድመ ምርጫው ነው።

ከ2010 ወዲህ ላሉ የስቴት ምርጫዎች ይህን የሚያህል የተደራጀ ቦታ ማግኘት ይከብዳል። ወደ ኋላ በሄዱ ቁጥር ግን መረጃው ይሳሳል፤ ያኔ ወደ ስቴቱ መዝገብ መሄድ ግድ ነው። ቁጥር ብቻውን ምን ያህል እንደሚያሳስት ለማየት ባራክ ኦባማ ፕሬዚዳንት ከመሆኑ በፊት የኢሊኖይ ስቴት ሴናተር ከነበረበት ዘመን የተሻለ ምሳሌ የለም።

ኦባማ በ1996 ለስቴቱ ሴኔት በ13ኛው ወረዳ የዴሞክራቶችን ቅድመ ምርጫ ያለ ተፎካካሪ አለፈ። ሰንጠረዥ ላይ ይህ መቶ በመቶ ድል ነው። የሆነው ግን ሌላ ነው፤ የኦባማ ወገን ተፎካካሪዎቹ እጩ ለመሆን ያሰባሰቡትን የድጋፍ ፊርማ አንድ በአንድ እየተቃወመ፣ ወንበሩን ይዛ የነበረችውን አሊስ ፓልመርን ጨምሮ አራቱንም ከድምፅ መስጫው አስወጣ። እንዲህ ያለውን ነገር ከውጤት ሰንጠረዥ አያገኙትም፤ የዘመኑን ጋዜጣ ማገላበጥ ያስፈልጋል።

ቀኖቹም ግራ ያጋባሉ። በ1996 ተመርጦ በ1998 እንደገና መወዳደሩን ያየ ሰው የሴኔቱ ዘመን ሁለት ዓመት ይመስለዋል። ኢሊኖይ ውስጥ የሴናተር ዘመን በየአሥር ዓመቱ አንዴ ሁለት፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ አራት ዓመት ነው፤ ተራው እንደየወረዳው ይለያያል። የ1998ቱ ድል ለአራት ዓመት ነበር። ለዚህም ነው በ2000 ለአሜሪካ ኮንግረስ በቅድመ ምርጫ ተወዳድሮ ወንበሩን በያዘው በቦቢ ረሽ 61 ለ30 በመቶ ሲሸነፍ የስቴት ወንበሩን ያላጣው። በ2002 ያለ ተቀናቃኝ ሲያልፍም ወረዳው በቁጥር ያው 13ኛ ይሁን እንጂ ካርታው ተለውጦ ነበር፤ የ1998ንና የ2002ን ውጤት ጎን ለጎን ማወዳደር አያስኬድም።

ባሎትፔዲያ በጣም ደካማ የሚሆነው ሕግ አውጪው ለእያንዳንዱ ረቂቅ ሕግ የሰጠውን ድምፅ በማሳየት ላይ ነው። የተለያዩ ቡድኖች ለሕግ አውጪዎች የሚሰጡትን የነጥብ ሰሌዳ ይሰበስባል፤ ነገር ግን የትኛው ድምፅ እንደሚቆጠር የሚመርጠው ያው ነጥብ ሰጪው ቡድን ነው። ድምፁን ለማየት የኢሊኖይ ጠቅላላ ጉባኤ (የስቴቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት) ድረ ገጽ ይሻላል። ቅደም ተከተሉ፦ የጉባኤውን ቁጥር ይምረጡ (93ኛው የ2003 እና የ2004 ነው)፣ የሴኔት ረቂቅ 15 ይክፈቱ፣ ከዚያ የድምፅ ዝርዝሩን ይዩ። ይህ ረቂቅ በግድያ ወንጀል የተጠረጠሩ ሰዎች ምርመራ እንዲቀረጽ ያስገደደው ነው፤ ረቂቅ 30 ደግሞ ፖሊስ ያስቆማቸውን አሽከርካሪዎች ዘር እንዲመዘግብ ያደረገው። የረቂቁን ቁጥር ሳይዙ መግባት ጊዜ ማባከን ነው።

ዝርዝሩን ሲያነቡ «ተገኝቻለሁ» የሚለውን ድምፅ እንደ ተራ ድምፀ ተዓቅቦ አይውሰዱት። አንድ ረቂቅ ለማለፍ ከተገኙት ሳይሆን ከመላው አባላት አብላጫውን፣ ማለትም ከ59ኙ ሴናተሮች የ30ውን ድጋፍ ይፈልጋል። ስለዚህ «ተገኝቻለሁ» ማለት በውጤቱ ከተቃውሞ አይለይም። ኦባማ 130 ገደማ ጊዜ እንዲህ ድምፅ በመስጠቱ በ2008 ዘመቻ ወቅት ብዙ ተወቅሶበታል። ወቀሳው ተገቢ የሚሆነው በየትኞቹ ረቂቆች ላይ እንደሆነ ሲታይ ነው፤ አንዳንዱ የፓርቲ ስልት ነበር።

የዘመቻ ገንዘብ ከፈለጉ ባሎትፔዲያ ድምሩን ይሰጥዎታል እንጂ የለጋሾቹን ዝርዝር እንደ ምርጫ ቦርዱ አይዘረዝርም። በኢሊኖይ ምርጫ ቦርድ ገጽ የሚፈልጉት ዲ-2 የተባለውን የሩብ ዓመት ሪፖርት ነው። እዚያ ሪፖርቱን የሚያስገባው የዘመቻው ኮሚቴ ነው፤ ስለዚህ በተወዳዳሪው ስም ፈልገው ምንም ካልመጣ በኮሚቴው ስም ይሞክሩ።