ሴካ 354 የሕፃናት ሚዛን፦ ለማዋለጃ ክፍል ምን ያህል ይታመናል?

የጀርመኑ ሴካ ኩባንያ የሚያመርተው ሴካ 354 በባትሪ የሚሠራ ዲጂታል ሚዛን ሲሆን እስከ 20 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ እስከ 10 ኪሎ ግራም ያለውን ክብደት ደግሞ በ10 ግራም ልዩነት ያሳያል። ለማዋለጃ ክፍል ዋናው ቁም ነገር ይኸው የ10 ግራም ንባብ ነው። በብዙ ጤና ጣቢያዎች የሚታወቀው፣ በመንጠቆ የሚሰቀለውና የግድግዳ ሰዓት የሚመስለው ባለ ስፕሪንግ ሚዛን እስከ 25 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ በየ100 ግራሙ የተሰመረ መሣሪያ ነው፤ ለዕድገት ክትትል ይበቃል፣ አሁን ለተወለደ ጨቅላ ግን አይሆንም።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ2,500 ግራም በታች ሆኖ የተወለደን ሕፃን የልደት ክብደቱ ዝቅተኛ ነው ይላል። 2,460 ግራም የሆነ ሕፃን በባለ ስፕሪንጉ ሚዛን «2.5» ተብሎ ይጻፋል፤ አጠባቡና የሰውነቱ ሙቀት በቅርብ ሊታይለት የሚገባው ልጅም ከደህናዎቹ ተራ ገብቶ ወደ ቤቱ ይሸኛል። እንደ ጄንታማይሲን ያሉ መድኃኒቶች መጠናቸው በክብደት ስለሚሰላ፣ አንድ ኪሎ ተኩል ለሆነ ጨቅላ የ100 ግራም ስሕተት ቀላል አይደለም።

ሕፃኑ ሲንፈራገጥ ቁጥሩን ይዞ የሚያቆየው ቁልፍ በጣም ጠቃሚ ነው። ጨርቅ ካነጠፉ በኋላ ወደ ዜሮ የሚመልሰው ቁልፍም እንዲሁ፤ ነገር ግን ዜሮ የተደረገበት ደረቅ ጨርቅ በሽንት ወይም በእንሽርት ውኃ ከራሰ ለቀጣዩ ሕፃን ተቀይሮ እንደገና ዜሮ ካልተደረገ፣ የጨርቁ እርጥበት በልጁ ክብደት ላይ ይደመራል። ሚዛኑ የሚቀመጠውም በጠንካራና በተስተካከለ ጠረጴዛ ላይ እንጂ በማዋለጃ አልጋ ፍራሽ ላይ አይደለም።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ አጻጻፉ ነው። ሚዛኑ 2,980 እያሳየ መዝገቡ ላይ «3.0» የሚጻፍ ከሆነ፣ ለተሻለ መሣሪያ የወጣው ገንዘብ ከንቱ ቀረ ማለት ነው። የልደት ክብደት በግራም፣ ሳይጠጋጋ፣ ሕፃኑ ከሚዛኑ ሳይነሣ መጻፍ አለበት። ደህና የሆነ ሕፃን የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት በእናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ ካሳለፈ በኋላ ሳይዘገይ ይመዘን፤ ጨቅላዎች በመጀመሪያዎቹ ቀናት እስከ 10 በመቶ ክብደት ሊቀንሱ ስለሚችሉ፣ ቤት ተወልዶ ዘግይቶ የመጣ ልጅ ክብደት የተመዘነበት ቀንና ሰዓት አብሮ ካልተጻፈ ያሳስታል።

ሚዛኑ እንዲገዛ እመክራለሁ። ሲገዛ ግን መጠባበቂያ ባትሪና ክብደቱ የተረጋገጠ መፈተሻ አብሮ ይጠየቅ፤ በየሳምንቱ መፈተሹም የአንድ ሰው ኃላፊነት ይሁን። ባትሪ በቀላሉ በማይገኝበት አካባቢ የዚሁ ኩባንያ ሴካ 725 ይሻላል፦ ክብደቱን በእጅ እያንሸራተቱ የሚያነቡት መካኒካል ሚዛን ስለሆነ ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ንባቡ ግን እንደዚህኛው በ10 ግራም ነው።